ለቅሶዬን የደረሱት ሰው

«ያ ያንችን ለቅሶ የደረሰው ሽማግሌ ሞተ አሉ» አለችኝ የዝና።

ወረታ ገበያ፣ ሸክላ ተራ ላይ ነበርን። የዝና እንደኔው ሸክላ ሠሪ ናት፤ ማሰሮና ጀበናችንን ጎን ለጎን ደርድረን ነው የምንሸጠው። ወሬውን ከሆስፒታል ከተመለሰች ደንበኛዋ ሰምታ ነው። «ማን?» ልላት አፌን ስከፍት አየሩ አልገባ አለኝ። ከአንገቴ ውስጥ እንደ ዋሽንት ያለ ፉጨት ወጣ።

ከዚያ በፊትም ያፍነኝ ነበር። ጭቃ ስረግጥ ያፍነኛል፤ ሸክላ ስተኩስ የኩበቱ ጭስ ያፍነኛል። ግን አልደነግጥም ነበር። «አያ ደሴ ያውቁኛል» እል ነበር ለራሴ፤ ሽማግሌውን ማለቴ ነው። እዚያ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ተራዋን እየጠበቀች መሆኗን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ይኸ ይበቃኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን የዝና አፏን ሳትገጥም ነገሩ ገባኝ። ከእንግዲህ የሚያውቀኝ የለም። አንገቴ ይዘጋል፤ ልጄ ብርቄም ብቻዋን ትቀራለች። ገበያው እንደወትሮው ይንጫጫል፣ ባጃጁ ይጮሃል፣ እኔ ደግሞ ማሰሮ ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ።

ሰው በቁሙ ለቅሶው እንዴት ይደረሳል የሚል ይኖራል። እንዴት እንደሆነ ልናገር።

እንቅርት ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ። ባገራችን የብዙ ሴት አንገት ላይ አለ፤ ማንም እንደ ሕመም አይቆጥረውም። የኔ ግን ባሌ ካረፈ ወዲህ ገፋ። ወረታ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ እነሱ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፉልኝ። ሐኪሙ ዳሰሰኝና «ወደ ውስጥ እየወረደ ነው፤ የአየር ቧንቧሽን እየገፋው ነው። በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት» አለኝ። ቢላ ማለቱ መሆኑ ገባኝ። «ዛሬ?» አልኩት። «ኧረ አይደለም፤ ድንገተኛ አይደለሽም። ወረፋ ትጠብቂያለሽ፤ ተራሽ ሲደርስ ይደወልልሻል» አለኝ።

ወረፋ የሚያስይዙት አያ ደሴ ነበሩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይቀመጣሉ። ሐኪም አይደሉም። ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ የሚጠብቀውን ሰው ስም የሚይዙና ተራው ሲደርስ የሚደውሉ ሠራተኛ ናቸው። ስልክ የለኝምና የየዝናን ስልክ ነገርኳቸው። ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው ሌላ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቁኝ።

«ገበያ የት ነው የምትወጭ?»

«ወረታ ነዋ። ለምን ጠየቁኝ?»

«ምን ይዘሽ?»

«ሸክላ።»

«በይ እሽ» አሉ። «ስልክ ይሞታል፤ ገበያ አይሞትም።»

ያኔ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ስቄ ወጣሁ።

የየዝና ስልክ ሲሞት ነው የሚኖር። መንደራችን መብራት የለም፤ እሷም ገበያ ስትወጣ ወረታ አስሞልታ ትመለስና ሁለት ቀን ሳይቆይ ይጠፋል። ስለዚህ ሆስፒታሉ ደውሎ እንደሆነ እንጃ፤ የሰማ የለም። እኔም ጠበቅሁ። ሸክላ ሠሪ መጠበቅ ያውቅበታል። የሠራሽውን እንስራ ጥላ ውስጥ አስቀምጠሽ ቀስ ብሎ እስኪደርቅ ካልጠበቅሽ፣ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ግን እንስራ ሲጠብቅ ይጠነክራል፤ ሰው ሲጠብቅ እንደዚያ አይደለም።

ቤታችን ከመንደሩ ዳር፣ የሩዙ ማሳ የሚጀምርበት ላይ ነው። የሸክላ ሠሪ ቤት ምንጊዜም ዳር ነው። የኛን እንስራ ውሃ ይቀዱበታል፣ በኛ ድስት ወጥ ይሠሩበታል፤ ቤታችን ገብተው ግን ውሃ አይጠጡም። በባሌ ለቅሶ ጊዜ እንኳ ብዙው ሰው ከደጅ ቁሞ ነው «ያጥናሽ» ብሎ የሄደ። ከዚያ ወዲህ የቤቴን ደጃፍ የረገጠ እንግዳ የዝና ብቻ ነበረች።

አንድ የገበያ ቀን ትንፋሼ ከብዶኝ ሳልወጣ ቀረሁ። አያ ደሴ የመጡት የዚያን ዕለት ነው። የሆነውን የነገረችኝ የዝና ናት።

ባርኔጣ ያደረገ፣ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ወረቀት ይዞ ሸክላ ተራውን ከላይ እስከ ታች ይጠይቃል። «ትርንጎ የምትባል፣ አንገቷ ላይ እንቅርት ያለባት?» እኛ አገር ወረቀት ይዞ ስም የሚጠራ ሰው ለደግ አይመጣም። የማዳበሪያ ዕዳ ነው፣ ወይ ግብር ነው፣ ወይ ክስ ነው። የዝና ልታድነኝ ብላ ፈጠን አለች።

«ሞታለች» አለች።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔን ይድፋኝ። መቼ?»

«ኧረ ሰንብታለች።»

«ነፍሷን ይማር። ቤቷ በየት በኩል ነው?»

«ለሞተች ሴት ቤት ምን ያደርግልዎታል?»

«ለቅሶ ልደርስ ነዋ» አሉ።

የዝና እዚህ ላይ ተያዘች። የሌላውን ቤት መንገድ «አላውቅም» ይባላል፤ የለቅሶ ቤት መንገድ ግን አይከለከልም። ነውር ነው። ወረቀቱን የፈራችውን ያህል እግዚአብሔርንም ፈርታ፣ «በዚያ በርብ ወንዝ በኩል፣ ሩዙን ይዘው ሲሄዱ ዳር ላይ ያለችው» ብላ በጣቷ አሳየቻቸው።

ገበያው ቢያቅተኝም አፈሩ ለቤቴ ቅርብ ነውና፣ እኔ በዚያ ሰዓት ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። አፈር የምንቆፍርበት ጉድጓድ ጥልቅ ነው፤ ሰውም ተንዶበት ያውቃል። ብርቄን «እንዳትቀርቢ» ብዬ ቤት ትቻታለሁ። ቆፍሬ ቆፍሬ ትንፋሼ ሲያንስ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ድንገት ከላይ የልጄ ድምፅ መጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከልጄ አፍ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም።

«እናቴ! ወይኔ እናቴ! ወይኔ እናቴን!»

እየሮጠች ነው። እየቀረበ ይመጣል። ለካ ሽማግሌው ደጃፍ ላይ አግኝተዋት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እግዜር ያጥናሽ ልጀ፤ እናትሽ ደግ ሴት ነበረች» ብለዋት ኖሯል። ጠዋት ጉድጓድ ስገባ ያየችኝ ልጅ ምን ትበል? ተናደባት ብላ ነው።

እናት የልጇን ለቅሶ አትሰማም። ልጅ ለእናቱ የሚያለቅሰው እናቲቱ ጆሮዋ ከተዘጋ በኋላ ነው። እኔ ግን ሰማሁት። ብሞት ልጄ እንዴት እንደምታለቅስ፣ ማንም ከኋላዋ ሳይከተላት በሩዝ ማሳ ውስጥ ብቻዋን እንዴት እንደምትሮጥ፣ በቁሜ ሰማሁት። እስከ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

እየቧጠጥኩ ወጣሁ። ከግንባሬ እስከ እግሬ ጭቃ ነኝ። ብርቄ ወገቤ ላይ ተጠመጠመች። ሽማግሌው ከኋላዋ እያለከለኩ ደርሰው፣ ከመሬት ውስጥ ስወጣ ሲያዩኝ አማተቡ።

«አንች... ትርንጎ ነሽ?»

«ነኝ። አንቱ ማን ነዎት?»

«ለቅሶ ልደርስ የመጣሁ ነኝ።»

«የማንን?»

«ያንችን» አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ እኔ ሳቅሁ፤ ስስቅ አንገቴ አፈነኝና ሳቄ ወደ ፉጨት ተለወጠ። ያኔ ሳቃቸውን አቆሙ። ፊታቸው ተለወጠ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆንኩብሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በሕመምሽ ላይ ልጅሽን አስደነገጥሁብሽ።» ብርቄ ፊት ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቋት። አንድ የሸመገለ ሰው ለሸክላ ሠሪ ልጅ ሲንበረከክ አየሁ።

ቤት ገቡ። ገቡ ነው የምላችሁ። መደቡ ላይ ተቀመጡና «ውሃ የለም?» አሉ። በራሴ ሸክላ ኩባያ ሰጠኋቸው፤ ጨልጠው ጠጡና «ድገሚኝ» አሉ። ቆሎ አቀረብኩላቸው፤ ከብርቄ ጋር ከአንድ ወጭት ቆረጠሙ። ይኸ ለሌላው ሰው ቀላል ነው። ለኛ ቤት ግን ቀላል አይደለም።

«ለምን እዚህ ድረስ ለፉ?» አልኳቸው።

«ለቅሶ ያልደረስሁለትን ሰው ሞቷል ብዬ አልሰርዝም» አሉ። «ይኸ የኔ ሕግ ነው። ስንት ጊዜ ነው ሞቱ የተባሉ ሰዎች ጠላ ሲጠጡ ያገኘሁ። ደሞ ያችን ሸክላ ተራ ያገኘኋትን ሴት እንዳትቆጪያት። ከመንግሥት ልደብቅሽ ብላ ከሐኪም ደበቀችሽ እንጂ ክፋት የለባትም።»

ከዚያ ስለ ሥራቸው አጫወቱኝ። ሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ አለ። አንድ ሰው ወረፋ ከያዘ ጀምሮ ኦፕራሲዮን እስኪሆን የሚጠብቀው ጊዜ ይለካል። ካጠረ አረንጓዴ ይቀባል፣ ከረዘመ ቀይ። ከላይ የሚመጡት አለቆች እሱን አይተው ይኸ ሆስፒታል ጎበዝ ነው፣ ይኸ ሰነፍ ነው ይላሉ።

«ታዲያ ደግ አይደለም?» አልኩ።

«መለካቱማ ደግ ነው። ካልተለካ ሕመምተኛው ተረስቶ ይቀራል። ግን ተደውሎለት ያልተገኘ ሰው ከልኩ ይወጣል። ‹አልተገኘም› ይባልና ይሰረዛል። ዞሮ ቢመጣ እንደ አዲስ ነው፤ የጠበቀው ሁሉ ይቀርበታል። ዋ! እኔ እናንተን ከሜዳው ፈልጌ ሳመጣ፣ የጠበቃችሁትን ዘመን ሁሉ ተሸክማችሁ ትገባላችሁ። ቀዩ ይረዝማል።» ሳቁ። «እኔ አንድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ሆስፒታሉ ሰነፍ ይባላል።»

«እንግዲያማ መንገድ ላይ የተሰበረውን እንስራ ሳይቆጥሩ ገበያው ደህና ዋለ ማለት ነዋ» አልኩ።

«ይችን ለአለቃየ እነግራቸዋለሁ» አሉ እየሳቁ። ሌላ ቀን ስንገናኝ ጠየቅኋቸው። «ነገርኋቸው። አልሳቁም» አሉ። ከዚያ ደግሞ እንዳዘንኩ አይተው «አትፍረጅባቸው፤ እሳቸውም አለቃ አለባቸው። ቀይ ከበዛ የሚላክልን መድኃኒትም ሰውም ይቀንስ ይሆናል ብለው ይሠጋሉ» አሉኝ።

ለቅሶዬን ከደረሱ በኋላ ቢላውን መፍራቴ ቀረ ልል አልችልም። ግን የብርቄ ጩኸት ከቢላው ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር። ተራሽ ደርሷል ብለው በቀጠሩኝ ቀን ሄድኩ። ከመገንጠያው መኪና ይዘን፣ ብርቄ መስኮቱ ጋ፣ እኔ አንገቴን በነጠላ ሸፍኜ።

አልጋ ሰጡኝ፤ ምግብም ከለከሉኝ። ከዚያ ለኔ የሚሆን ደም የለም ተባለ። ደም ሳይዙ እንቅርት አይነኩም። ሌላ ቀን ተመለሽ አሉኝ። ወገን ያለው ወገኑን አሰልፎ ደም ያስለግሳል፤ እኔ ማንን ላሰልፍ? ወጥቼ ግንብ ሥር ቁጭ አልኩ።

አያ ደሴ እዚያው ግንብ ሥር ምሳቸውን ሲበሉ አገኘኋቸው። ደረቅ ዳቦ በሻይ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ቤት ሄደው ብቻቸውን ከሚበሉ እዚህ ሰው እያዩ ቢበሉ እንደሚሻላቸው ነገሩኝ። ዳቦውን ለሦስት ቆረሱት። ብርቄን «ይችን ጠብቂልኝ» ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉላት፤ እስከ አፍንጫዋ ወረደባት።

በመሃል ስልክ ይደውሉ ነበር። ሲደውሉ ያላቸው ሁኔታ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጥሪው ራሱ እስኪቋረጥ አያነሱትም። «የደወሉላቸው ደንበኛ...» የምትለዋን ሴት እስከ መጨረሻው ያዳምጧታል፤ ነገሯን ልትለውጥ የምትችል ይመስል። ከዚያ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈን አድርገው «ስልኩ ዝም ቢል ሰውየው ዝም አላለም» ይላሉ። ለማን እንደሚሉት እንጃ። ብዙ ጊዜ አጠገባቸው የሚሰማ ሰው አልነበረም።

መኪና ድረስ ሸኙኝ። «ደም ሲገኝ እደውላለሁ። ስልኩ ዝም ካለ እመጣለሁ።»

«እስከዚያ ብሞትስ?»

«ለቅሶሽን አንዴ ደርሻለሁ» አሉ፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ። «ሁለተኛ አልደርስም። ደከመኝ።»

ሳቅሁ። በመስኮት ዞሬ ሳይ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ያወዛውዙ ነበር። ያ የመጨረሻው ነው።

ክረምቱ ገባ። ርብ ሞላና ሜዳውን ዋጠው። የፎገራ ሰው ጎርፍ ለምዷል፤ ዳር ያለነውን ግን መጀመሪያ እኛን ነው የሚያገኘን። ያልተተኮሱ ማሰሮዎቼ ተመልሰው ጭቃ ሆኑ። እኔና ብርቄ፣ የዝናም፣ ከብቱም ሰዉም ተያይዘን ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ላይ ከረምን። ስልኩ እንደሞተ ነው። ገበያም የለም፤ መንገዱ ውሃ ነው። እኔ ግን ከጉብታው ላይ ሆኜ ወደ ወረታ በኩል አይ ነበር፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰው በታንኳ ይመጣ ይሆናል ብዬ። የሚመጣ ሰው ካለ እሳቸው ናቸው እያልኩ። ማንም አልመጣም።

ውሃው ሲጎድል ሆስፒታል ሄድኩ። በአያ ደሴ ወንበር ላይ አንድ ወጣት ልጅ ተቀምጧል። ስሜን ፈለገ፣ ፈለገ።

«ተደውሎ አልተገኘሽም ይላል፤ ተሰርዘሻል እናቴ። አዲስ ካርድ አውጭና እንደገና ወረፋ ያዥ።»

«አያ ደሴስ?»

«ጋሽ ደሴ? ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውረው ነበር። አሁን ታመው ቤት ናቸው።»

ልጁ ክፉ አልነበረም። ፉጨቴን ሰምቶ ውሃ ቀዳልኝ። ግን ገበያ የት ነው የምትወጭ ብሎ አልጠየቀኝም። ከጀርባው ያለውን ግድግዳ አየሁት። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኖ ነበር። የክረምት ሩዝ ይመስላል፤ ደስ ይላል ቢያዩት። እኔ እዚያ ውስጥ የለሁም።

አዲሱን ካርድ ይዤ ተመለስኩ። አያ ደሴ ሲሻላቸው ይፈልጉኛል እያልኩ ሰነበትኩ። የዝና ያን ወሬ ያመጣችው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው።

«ድንኳኑ ፈርሷል?» አልኳት ትንፋሼ መለስ ሲልልኝ።

«ገና ነው አሉ።»

«እሄዳለሁ።»

«በዚህ ትንፋሽሽ? አብደሻል አንች!»

«ለቅሶዬን ደርሰዋል። ብድር ነው» አልኳት።

ሸክላዎቼን ለየዝና ትቼ ብርቄን ይዤ ሄድኩ። ቤታቸውን ጠያይቀን አገኘነው። ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ይልቅ ወንበር ይበዛል። ልማዴ ነውና ከበሩ አጠገብ፣ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንድ ገበሬ ነበር፤ በአነጋገሩ የሜዳው ሰው መሆኑን አወቅሁት።

«አንችንም ገበያ ነው ያገኙሽ?» አለኝ ዝቅ ብሎ።

«ሞታለች ተብለው ለቅሶዬን ሊደርሱ መጡ። አንተንስ?»

«ከበሬ ተራ። ወገቤን ያዙና አለቅህም አሉ።» ቡአው በኦፕራሲዮን ወጥቶለት አሁን እንደሚያርስ ነገረኝ።

አልቃሽ አልነበረም። የሚናገርላቸው ሰው ጠፍቶ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ልመለስ አልቻልኩም። ነጠላዬን አጣፋሁና ተነሣሁ።

*ቁሜ እየሄድኩኝ ሞተች ቢሏቸው፣*
*ነፍስ ይማር ሊሉኝ መጡ በእግራቸው።*
*እኔም በተራዬ መጣሁ ከደጅዎ፣*
*ማን ይፈልገኛል ከተኙ እርስዎ?*

ሌላ ስንኝ ልጨምር ነበር። አንገቴ ተዘጋ። ሌላው ሰው ለቅሶ መስሎት አብሮኝ አለቀሰ። ወዲያ ማዶ ጥቁር ለብሳ የተቀመጠች ሴትዮ ግን ቀና አለች። ግጥሜን አይደለም የሰማችው፤ ፉጨቱን ነው። ሰዉን ጥሳ መጣችና ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ነጠላዬን ገልጣ አንገቴን ዳሰሰችኝ።

«ይኸ ፉጨት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሰነበተ።»

«ወረፋ ይዘሻል?»

«ይዤ ነበር። አልተገኘችም ተብየ ተሰረዝኩ። ይኸዋ ተገኘሁ።»

ትኩር ብላ አየችኝ። «የሸክላዋ ሴትዮ አንች ነሽ?» አለች። ሲስተር ሐረግ ትባላለች፤ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ናት። አያ ደሴ በታመሙበት ሰሞን ልትጠይቃቸው በሄደች ቁጥር፣ ሌላ ነገር ሳያስቀድሙ፣ «የሸክላዋ ሴትዮ ተነፈሰች?» ይሏት ነበር አለችኝ። እሷ በሽታው እያስቀባዠራቸው መስሏት «አዎ ተነፈሰች» ትላቸው ነበር። ይኸን ስትነግረኝ ፊቷን አዞረች።

ወደ ቤት አልተመለስኩም። ከድንኳኑ በቀጥታ ነው ሆስፒታል የወሰደችኝ። ሐኪሙ አየኝና ለካርዱ ሳይሆን ለትንፋሼ ደነገጠ። ወጣቱ ልጅ ስሜን ሊጽፍ ሲል ሲስተር እጁን ያዘችው።

«በመጀመሪያው ካርዷ ጻፋት። መጠበቅ ከጀመረችበት።»

«ሲስተር፣ ቀይ ትሆንብናለች እኮ።»

«ትሁን። ቀይ ናታ!»

ደም ሲባል የድንኳኑ ገበሬ ከበሩ ላይ ቁሟል። እንደተከተለን እንኳ አላየሁም። እጅጌውን ሰብስቦ «የኔን እዩት፤ የበሬ ተራ ደም ነው» አላቸው። ላመሰግነው ስል «ዝም በይ፣ ትንፋሽሽን አትጨርሽ» አለኝ።

ጋሪው ላይ ሆኜ ስገፋ ብርቄ እስከ በሩ ድረስ እጄን ይዛ መጣች። በሩ ላይ አስለቀቋት። ልትጮኽ አፏን ስትከፍት አየኋት፤ ያን የጉድጓዱን ጩኸት። እኔም እንደ አያ ደሴ ጣቴን አወዛወዝኩባት። ለቅሶዬ አንዴ ተለቅሷል፤ ሁለተኛ የለም። ገብቷት እንደሆነ እንጃ፤ ግን አፏን ገጠመች። ከዚያ መብራቱን አየሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላስታውስም።

ስነቃ ቀን ነበር። አንገቴ በፋሻ ታስሯል፤ ያቃጥለኛል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ «እናቴ፣ እስቲ ድምፅሽን አሰሚኝ» ይለኛል። እንቅርት ሲወጣ ድምፅ አብሮ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ለዚያ ነው። ሲስተር ሐረግ በወዲያ በኩል ቁማለች። ብርቄ ከእግርጌዬ አልጋውን ይዛለች፤ ዓይኗ አፌ ላይ ነው።

መጀመሪያ ተነፈስኩ። አየሩ ገባ። ፉጨት የለም፤ ምንም አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ገባ፣ ዝም ብሎ ወጣ። ደግሜ ተነፈስኩ። ሰው እንዲህ መተንፈስ ይችል እንደነበር ረስቼዋለሁ። አያ ደሴ በሩ ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቢሆኑ ብዬ ወደ በሩ አየሁ። በሩ ባዶ ነበር።

«በይ እንጂ» አለኝ ሐኪሙ፣ «የፈለግሽውን ተናገሪ።»

«አልሞትኩም» አልኩ። የራሴ ድምፅ ነው። ትንሽ ሻክሯል እንጂ የራሴ ነው። «ደህና ነኝ።»